የእስክስታው ካሴት

የእናቴ ሳጥን ሲከፈት ቀድሞ የሚመጣው የብል መድኃኒቱ ሽታ ነው። ከሱ ሥር እጣን አለ፤ ከእጣኑ ሥር ደግሞ ታጥቦና ታጥፎ ዓመታት የተቀመጠ ጥጥ። አምና በጥር ቆላ ድባ ወርጄ የአያቴን ጥበብ ቀሚስ ልናወጣ ሳጥኑን ስንከፍተው ግን ሌላ ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ። የሻገተ ወረቀትና ሙቀት ያገኘው ፕላስቲክ ይሸት ነበር። ከቀሚሶቹ ሥር የቪዲዮ ካሴቶች በፌስታል ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንዱን አወጣሁት። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የእቴቴ ሠርግ፣ ጥር 1988» ይላል። እቴቴ የምንላት እህቴን ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የታላቅ ወንድሜ ነው።

እናቴ ካሴቱን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ነገር ዛሬም ይሠራል?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። ካሴት የሚያጫውት ዴክ ከሰፈራችን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗል። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። «እምዬ እኮ እዚህ ውስጥ ናት» ብላ፣ አያቴን ማለቷ ነው፣ ካሴቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

ቆላ ድባ ያለችበት ደምቢያ በጥር ሌላ አገር ነው። ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ ጎርጎራ የሚወርደው መንገድ ሜዳው ላይ ሲደርስ ዐይን የሚያርፍበት ዳገት ያጣል። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ የተወቃው ጤፍ ገለባ በየደጁ ይከመራል፣ እሸት ሽምብራ ከልጅ እጅ አይጠፋም። ጎተራው የሞላው ገና አሁን ስለሆነ ሠርጉም አሁን ነው። በዚያ በ1988 ጥር የእህቴ ዳስ የተጣለው ከቤታችን ጓሮ ነበር። የባሕር ዛፉ ቅጠል እርጥብ ስለነበር ሽታው አፍንጫ ይከፍታል፤ መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ጠላው በእንስራ በእንስራ ተደርድሯል።

ቪዲዮ አንሺው ከጎንደር የመጣው በማለዳ ነው። ካሜራው ሙሉውን ካሴት የሚውጥ፣ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ነበር፤ ከላዩ መብራት ታስሮበታል። ረዳቱ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ ከኋላ ከኋላው ይሄዳል። ከቤቱ ጀርባ ጄኔሬተር ያጓራል። እኛ ልጆች ከሙሽራዋ ይልቅ መብራቱን ነበር የምንከተለው። መብራቱ ያረፈበት ሰው ወዲያው ይለወጣል። ሲጎርስ የነበረው እጁን አየር ላይ ያቆማል፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ሴቶች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ሲያልፍ ደግሞ ወሬውም ሳቁም ካቆመበት ይቀጥላል።

አያቴን መብራቱ አልለወጣትም። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዘው ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ያኔ ስድሳውን አልፋለች። ወገቧን በነጠላዋ ጥብቅ አድርጋ ታጥቃ፣ ሁለት እጆቿን ዳሌዋ ላይ ተክላ፣ መጀመሪያ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ ትከሻዋ ጀመረ። ከወገብ በታች ቆማለች፤ ፊቷም አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀጠቀጠው ትከሻዋ ብቻ ነው። ቪዲዮ አንሺው ተጠጋት። አልሸሸችም። ዐይኗን የካሜራው መስተዋት ላይ ተክላ፣ የአንገቷ ንቅሳት በመብራቱ እያበራ፣ እልልታው እስኪቀልጥ ድረስ ወረደችው። ይህን የምጽፈው በልጅነቴ ካየሁት ይሁን በኋላ በቴሌቪዥን ደጋግሜ ካየሁት ዛሬ መለየት አልችልም። ሁለቱ ተቀላቅለውብኛል።

ካሴቱ የደረሰን ከሳምንታት በኋላ ነበር። በመተማ በኩል ከሱዳን የገባ ዴክ የነበረው ጎረቤታችን ማታ ማታ ፊልም እያሳየ ሳንቲም ይሰበስብ ነበር። የሠርጉ ካሴት የታየ ለት ግን ማንም አልከፈለም። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሕፃናቱ መሬት፣ ጎልማሶቹ በር ላይ ሆኑ፤ መስኮቱ ከውጭ በሚያዩ ፊቶች ተሞላ። በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ባለ ቀለም የሆነው በ1977። እኛ እስከዚያ ማታ ድረስ በዚያ መስተዋት ውስጥ የምናየው መሪ፣ ዘፋኝ ወይም ሩቅ አገር ነበር። አሁን እኛው ገባንበት። ሰው የራሱን ጀርባ አይቶ ደነገጠ። እምዬ ራሷን ስታይ ዝም አለች፤ ከዚያ «እንዲህ ሆኜ ነበር?» ብላ ጠየቀች፤ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

«መልሰው! መልሰው!» ይባል ነበር። ጎረቤታችንም እስክስታው ላይ ሲደርስ ይመልሰዋል፤ አንዳንዴም ፊቷ ላይ ሲደርስ ያቆመዋል። ዴክ ሲቆም ክሩ ይቁም እንጂ ምስል የሚያነቡት ሄዶች መሽከርከራቸውን አያቆሙም፤ ያችኑ አንዲት ቦታ ይፈትጋሉ። በእኛ አገር አሠራር ያ ሄድ የተተከለበት ክብ ብረት በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ለአንድ ደቂቃ እምዬ ፊት ላይ ቆም ባልን ቁጥር 1,500 ጊዜ ዞሮባታል ማለት ነው። በዚህም ከካሴቱ ሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ከሁሉ ይበልጥ የወደድነው ቦታ ሆነ። ሽማግሌዎች እጅ ሲታጠቡ፣ ሚዜዎች ሲገቡ፣ ኬክ ሲቆረስ ምስሉ ደህና ነው። አያቴ ስትነሣ ነጭ ነጭ ሰረዝ ይወርዳል፤ ትከሻዋ ሲጀምር ምስሉ ከላይ ይጣመማል። ያንን የሠራነው በፍቅር ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወንድሜ ካሴቱን ከተማ ወስዶ ወደ ሲዲ አስገልብጦት ነበር። ሲዲው ስለሚያብረቀርቅ ሁላችንም ጥራቱ የጨመረ መሰለን። ከፍተን ስናየው እምዬ ቆማ ሳለች ሰው ናት፤ ትከሻዋ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን የአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ክምር ትሆናለች። እናቴ «አበላሹብኝ» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። ያኔ ቪሲዲ ይባል የነበረው ዲስክ በእኛ የቴሌቪዥን አሠራር የሚይዘው ምስል ወርዱ 352 ቁመቱ 288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ለምስሉ የሚመደብለትም በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ገደማ ነው። ዲቪዲ 720 በ576 ይይዛል፤ በነጥብ ብዛት ከአራት እጥፍ ያልፋል፤ ለምስሉም በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት ሊሰጠው ይችላል። እነዚህ ዲስኮች ምስልን የሚያስቀምጡት አጥፈው ነው። የተቀመጠ ሽማግሌ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ከቀጣዩ ምስል ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ቦታ ይታጠፋል። የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ግን በየቅጽበቱ አዲስ ነው፤ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ወደ አራት ማዕዘን ይፈርሳል። ለዚህ አሠራር እስክስታን ያህል የሚከብድ ጭፈራ አላውቅም። አንድ ስቱዲዮ ሥራውን የሚያውቅ መሆን አለመሆኑን ማየት የፈለገ ሰው ሙሽራዋን ሳይሆን እስክስታውን ይይ።

አምና ያን ፌስታል ይዤ ጎንደር ወጣሁ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ካሴት የሚገለብጥ ወጣት እንዳለ ነግረውኛል። ስደርስ ክፍሉ በአሮጌ ዴኮች ተሞልቷል፤ አንዳንዶቹ ለመለዋወጫ የተከፈቱ ናቸው። ጃፓኖች ቪኤችኤስ የሚባለውን ይህን ካሴት ለገበያ ያቀረቡት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ዴክ መሥራቱን ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዴክ የለም፤ ያለው ያረጀ ነው፤ ያረጀውንም የሚጠግነው ሰው እያነሰ ነው። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ የተሰበረ ዴክ ሲያገኝ አይጥልም።

የሠርጉን ካሴት ሰጠሁት። አጫወተው፤ ገና መጀመሪያው ላይ የልብ ቅርጽና አበባ ከስም ጋር እየተሽከረከረ ሲወጣ አቆመው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቅጂ ነው» አለኝ። «አበባው በኤዲቲንግ የገባ ነው። በካሜራው የተቀረጸው ሌላ ካሴት ነው። ማስተሩን ሰጥተዋችሁ አልነበረም?»

ፌስታሉን ዘረገፍነው። ከካሴቶቹ መሃል አንዱ ምንም አልተጻፈበትም፤ ዳሩ ላይ በእርሳስ አንዲት «ማ» ብቻ አለች። ወንድሜ በጊዜው ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ማስተሩን ገዝቶት እንደነበር እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ማንም አይቶት አያውቅም። አበባ የለው፣ ዘፈን የለው፣ ሰዓቱ ረጅም፤ ማን ይየው? ያልተወደደው ካሴት ሄድ ሳይፈትገው ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ሳይፈተግ ይቅር እንጂ ሻጋታ አግኝቶታል። ቆላ ድባ በክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው፤ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይረጥባል። ልጁ የካሴቱን ክዳን ከፍቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አሳየኝ። በክሩ ዳር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተደርድሯል። «ይሄን እንዲሁ ዴክ ውስጥ ባስገባው ሻጋታው ሄዱን ይደፍነዋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሰው ካሴት ይተላለፋል» አለኝ። ጭምብል አጥልቆ ደጅ ወጣ። ከሥር ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈትቶ ክሩን ከነመጠቅለያው አነሣና ንጹሕ ወደሆነ የሌላ ካሴት ቀፎ አዛወረው። ዳር ዳሩን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ክሩን ምንም ሳያጫውት እስከ መጨረሻ አሳልፎ መልሶ ጠቀለለው። ዓመታት አንድ ቦታ የተቀመጠ ክር እዚህ ላይ ጠብቆ እዚያ ላይ ስለሚላላ፣ ሳያስተካክሉት ማጫወት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

ቀጥሎ የዴኩን ሄድ አጸዳ። ይህን ለሁሉም ሰው ብነግር ደስ ይለኛል፤ ብዙ ዴክ የሞተው በዚህ ነው። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አይደለም፤ የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ይያዛል፣ ይነቅለዋልም። ልጁ ስስ ቆዳ በአልኮል አርሶ በአንድ ጣቱ ሄዱ ላይ በቀስታ ያዘውና በሌላ እጁ ብረቱን ራሱን አዞረው። ቆዳው አይንቀሳቀስም፤ ወደ ላይና ወደ ታችም ፈጽሞ አይታሽም። ቆዳው ሲነሣ ቡናማ መስመር ይዞ መጣ። ስንት ሠርግ፣ ስንት ክርስትና እዚያ መስመር ውስጥ እንዳለ አሰብኩ።

እኔ ደጋግሜ የማስበው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ጥራቱ ይጨመርልኝ» ብሎ የሚለምነው ኮምፒውተሩን ነው። ጥራት ግን ከካሴቱ የሚወጣው አንድ ጊዜ፣ ዴኩ በሚያነብበት ቅጽበት ነው። ያኔ ያልተነበበውን ማንም በኋላ አይመልሰውም። ከምንጩ የደፈረሰን ውኃ የቱንም ያህል ንጹሕ እንስራ አያጠራውም። ስለዚህ የልጁ ድካም ሁሉ ከዲቪዲው በፊት ነበር። ሄዱ የክሩን መስመር የሚከተልበትን ትራኪንግ ከሥር የሚንጫጫው በረዶ እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት በጥቂት አስተካከለ። ከዴኩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ገመድ ከተለመደው ቢጫ ወደ ኤስ ቪዲዮ ቀየረው። ቢጫው ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን አደባልቆ ሲያስተላልፍ፣ ኤስ ቪዲዮ ለየብቻ ያስተላልፋል። ቪኤችኤስ ቀድሞውንም ቀለም ላይ ደካማ ነው። የሙሽራዋ ካባ ቀይ ከጠርዙ አልፎ የጎረቤቷ ነጠላ ላይ ይፈስሳል፤ ጥበቡ ይደበዝዛል። ደካማውን እንደገና ማደባለቅ ግፍ ነው።

በመሃል ደግሞ የሚወዛወዘውን መስመር የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ ታይም ቤዝ ኮሬክተር ይሉታል። ያረጀ ክር እያንዳንዱን የምስል መስመር በእኩል ሰዓት አያደርስም፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ የዳሱ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው እንደ እባብ ይጥመዘመዛል። መሣሪያው መስመሮቹን ተቀብሎ ያሰልፋቸዋል። ሲከፍተው ምሰሶው ቀጥ አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ «እሰይ!» አልኩ።

እስክስታው ደረሰ።

አበባ አልነበረም። የኤዲቲንጉ ዘፈን አልነበረም። ለካ እስከዛሬ ስናየው የኖርነው ከላዩ የስቱዲዮ ሙዚቃ የተጫነበትን ነው። ከማስተሩ የወጣው የአዝማሪው ማሲንቆ፣ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታና የሴቶቹ እልልታ ነበር፤ ከነሱ በላይ ደግሞ የአያቴ ድምፅ። እየተንፈሰፈሰች «እሽ! እሽ!» ትላለች። ትከሻዋ ሲወርድ ይሰማል። ያን ድምፅ ከሞተች ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ልጁ ምስሉን አቁሞ አንድ ነገር አሳየኝ። የእኛ ቴሌቪዥን፣ ፓል የሚባለው፣ 625 መስመር አለው፤ በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል። እያንዳንዱ ምስል ግን የሚሣለው በሁለት ግማሽ ነው፤ መጀመሪያ አንድ መስመር እየዘለለ፣ ከዚያ የተዘለሉት። ስለዚህ በሰከንድ 50 ጊዜ አዲስ ቅጽበት አለ። ሲቆም የእምዬ ትከሻ ጠርዝ የማበጠሪያ ጥርስ መስሎ ታየ፤ በሁለቱ ግማሾች መሃል ትከሻዋ ተንቀሳቅሷልና። «ብዙ ቦታ ይሄን ጥርስ ለማጥፋት ብለው ግማሹን ይጥሉታል» አለኝ። «በኮምፒውተር ሲታይ ያምራል። ግን ጭፈራው ይሞታል ጋሼ። ከሃምሳው ሃያ አምስቱ ሄደ ማለት እኮ ነው።» ለዲቪዲው እንዳለ ተወው፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ያዋሕደዋል። ለስልክ የሚሆነውን ደግሞ ሃምሳውንም ጠብቆ ለብቻው ሠራው። ልዩነቱን ጎን ለጎን አየሁት። በአንዱ ትከሻዋ ይዘላል፤ በሌላው ይፈስሳል።

ከዚያ ማጥሪያውን አሳየኝ። ካሴት ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ የሚያጠፋ ፕሮግራም ነው። ሲከፍተው ምስሉ ለሰሰ፣ የዳሱ ጨለማ ጸጥ አለ፣ የእምዬ ፊት ወጣ አለ። ደስ አለኝ። ደግሜ ሳይ ግን የአንገቷ ንቅሳት የለም። ፕሮግራሙ ደብዛዛዎቹን ሰማያዊ መስመሮች ከነጠብጣቡ ጋር ጠርጓቸዋል። እነዚያን መስመሮች በልጅነቷ ስትነቀስ የቻለችውን ሕመም ስትነግረን አድጌያለሁ። «ዝጋው» አልኩት። ዝቅ አድርጎ፣ ንቅሳቱ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ ብቻ ተወው። ነጠብጣቡ ይኑር።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የድሮን ቪዲዮ ጥርት አድርገን እንመልሳለን የሚሉ አሉ። አይቻቸዋለሁ። ፊቱ ይጠራል፤ ግን ማሽኑ ከሌሎች ብዙ ፊቶች የተማረውን ይሞላበታል እንጂ ካሴቱ ላይ ያልተቀረጸ ሽፋሽፍት ከየት ያመጣል? ለመዝናኛ ይሁን። የሞተ ሰው ላይ ግን አይገባኝም። አያቴን ደብዛዛ ሆና እሷን ብትሆንልኝ ይሻለኛል።

በዲስኩም ላይ ተከራከርን፤ ማለትም እኔ ዝም አልኩ እሱ ነገረኝ። የካሴቱ ርዝመት፣ ሊቆረጥ የሚችለው ሳይቆጠር፣ ሦስት ሰዓት ነው። አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ሦስቱን ሰዓት አንድ ዲስክ ላይ ማጨቅ ይቻላል፤ ብዙ ቦታም የሚሠሩት እንዲያ ነው፤ ያኔ ግን እስክስታው የቪሲዲውን ዕጣ ያገኛል። አንድ ሰዓት ለአንድ ዲስክ ሲሆን በሰከንድ 8 ሜጋቢት ያህል ይደርሰዋል፤ ለትከሻም ይበቃል። ስለዚህ ሦስት ዲስክ ሆነ። ምስሉንም አራት ለሦስት እንደሆነ ተወው። ዛሬ ቤት ያለው ሰፊ ቴሌቪዥን ሲዘረጋው እህቴም ሚዜዎቿም ያለ ዕድሜያቸው ወፍረው ይታያሉ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ቢሆን ምን ይጎዳል?

ፌስታሉ ውስጥ የነበረ ሌላ ካሴት ግን አስቸገረ። የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን የላከችው የልጇ ክርስትና ነው። ያኔ በጎረቤታችን ዴክ ስንሞክረው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ይንከባለል ነበር፤ እናቴ «የፈረንጅ አገር ካሴት ለኛ አይታይም» ብላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን 525 መስመር ነው፤ በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ያሳያል። የእኛ ዴክ አያነበውም። ልጁ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ነበረው። ሲከፈት ሕፃኑ ነጭ ለብሶ በቀለም ታየ። ያ ሕፃን ዛሬ ጢሙን ያስረዘመ ጎልማሳ ነው፤ አያቱም እሱን ለማየት ስትጠብቅ ሞተች። ካሴቱ ያን ሁሉ ዘመን እናቴ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ማግኔት ክር ማስጠንቀቂያ አውጥተው ነበር፤ ከ2025 ገደማ በኋላ ማጫወቻው ስለሚጠፋ ያልተገለበጠው ሊቀር ይችላል የሚል። ይህን የሚያነቡ ትልልቅ መዛግብት ቤቶች አሉ። የደምቢያን ሠርግ፣ የጯሂትን ለቅሶ፣ የአይምባን ማኅበር ግን የያዘው የእናቶች ሳጥን ብቻ ነው። ከኛ ወዲያ ማዶ በጣና ደሴቶች ብራናው አለ፤ ክብራን ገብርኤል ያለው ባለ ሥዕል ወንጌል ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆነ ነው። ያን ብራና ያቆየው ቆዳነቱ ብቻ አይመስለኝም። በየዘመኑ ጨርቅ የሚያለብሰው፣ ከውኃ የሚያሸሸው፣ ሲያረጅ የሚገለብጠው ሰው ነበረው። የእኛ ክር ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሻገተ፤ ከጎኑ የሚቆም ሰው አላገኘም።

ቆላ ድባ ስመለስ ልጁ አንድ ጥያቄ አሸክሞኝ ነበር። በማስተሩ ላይ ካሜራው ሳይዘጋ የቀረበት ረጅም ቦታ አለ። ቪዲዮ አንሺው ምሳ ሊበላ ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ ካሜራው የሰው እግርና ከወገብ በታች ብቻ ይቀርጻል። ይቆረጥ ወይስ ይተው? እናቴን ላሳያት ላፕቶፑን ከፈትኩ። እስክስታውን አይታ፣ አልቅሳ፣ ነጠላዋን በዐይኗ ላይ ጨምቃ ጨርሳ ስለነበር በተረጋጋ መንፈስ ተቀምጣለች።

«ይሄን እንኳ ልናስቆርጠው ነው፤ እግር ብቻ ነው» አልኳት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለችኝ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ያ ኮንጎ ጫማ የአባትህ ነው። ተመልከት፤ ግራው ማሰሪያው በሽቦ ነው የታሰረው።» እውነት ነው፤ ሽቦው ይታያል። አባቴ ፊቱ ካሴቱ ላይ የለም፤ ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲያቀርብና እንግዳ ሲቀበል ካሜራው አላገኘውም ነበር። «ይቺ ደግሞ ያችኛዋ ጎረቤታችን ናት፣ በአረማመዷ። ይሄ አንተ ነህ፤ ባዶ እግርህን። ጫማህን የት ጣልኸው?» እያለች አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ካሜራው አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች እንደሚቀረጹ አያውቁም፤ ስለ ጠላው መቅጠን ይነጋገራሉ፤ አንዷ የአማቷን ነገር ታማለች። እናቴ ድምፁን ከፍ አድርግ አለችኝ።

ለልጁ ደወልኩለት። «ምንም እንዳትቆርጥ» አልኩት።

«ዲስኩ አራት ይሆናል ጋሼ።»

«ይሁን።»

ለእህቴ፣ ለወንድሜና ለአጎቴ ልጅ የሚሆን ተገልብጧል። ያልታጠፈው ትልቁ ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ አለ፤ አንዱ ጎንደር አንዱ እኔ ዘንድ። ዲቪዲ እንደሚጫር፣ እሱም አንድ ቀን ማጫወቻ እንደሚያጣ ልጁ ራሱ ነግሮኛል። አሁን የቀረው የጥምቀት ካሴት ነው፤ ታቦቱ ሲወጣ አባቴ ከበሮ ይዞ ከፊት ያለ ይመስለኛል፤ እናቴም እንዲያ ትላለች። ሻጋታው ከሠርጉ ይብሳል፤ ክሩም አንድ ቦታ ተጣብቋል፤ ልጁ በእጁ ቀስ እያለ ካልፈታው በስተቀር በዴክ አይሞከርም። ክረምቱ ሳይገባ ጎንደር አደርሰዋለሁ።